ቁና በቁና

በፍኖተ ሰላም፣ በዩኒየኑ ግቢ፣
ከበቆሎው መጋዘን ጎን አንድ ክፍል አለ፣
ቀን ቀን የሚያነደን፣
ቆርቆሮው ከፀሐይ እየተማማለ።
እዚያ ነው የኔ ሥራ፤
የአሥራ ስምንት ቀበሌ ስም ዝርዝር መጠበቅ፣
ማን ስንት ኩንታል አስገባ፣ ማን ስንት ብር ይገባዋል፣
ይህንን ማወቅ።

አሮጌው ሥርዓት እጀ ሰፊ ነበር።
ቀበሌ ጠርተን «አምጣ» ስንለው
ጆንያውን ገልብጦ ወለሉ ላይ ይዘረግፈዋል፤
ስም በስም ላይ፣ ብር በብር ላይ፤
አንዴ «ምረጥ» ካልነው ሌላ አይጠይቅም።
አንብበነው አናውቅም እንጂ
አጉድሎብን አያውቅም።

ፈቃዱ ተወደደ አሉ፤
«ወደ ነጻው ዙሩ» የሚል ወረቀት ከባሕር ዳር መጣ፤
ሰንጠረዡን አጋዝን፣ ቁጥሩን አጋዝን፣
ሦስት ሌሊት ሙሉ፣ ነፍሳችን እስክትወጣ።
ፕሮሲጀሮቹንም ቃል በቃል ገለበጥን።
(ቃል በቃል መገልበጥ ምስጢር እንደሚገድል
የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ልርሳው?)

ማክሰኞ፣ የትርፍ ክፍፍል ቀን።
ሰው ከንጋት ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተኮልኩሏል፤
ጋቢ፣ ዱላ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር።
ልየው፣ ገንዘብ ያዡ፣ «የጅጋን ጥሪ!» አለኝ።
ጠራሁ።
አንድ ስም መጣ፤ አበጀ።
ደግሜ ጠራሁ። አበጀ።
ሦስተኛም። አበጀ።
ከሁለት መቶ ስድስት ሰው
አበጀ ብቻ።

አበጀ ብሩን ቆጠረ፣ ሳቀ፣
«ሰው የሚያውቅ ማሽን!» ብሎ መረቀ።
ከኋላው አንማው
መስኮቱን በዱላው ነካ ነካ አድርጎ
«እኛሳ ልጄ፣ ሞተናል?» አለኝ።

አባቴ ትዝ አለኝ፣ ዲማ፣ ከዛፉ ሥር።
አንድ ተማሪ መወድስ ጀምሮ
በመጀመሪያው ቤት ላይ ድርቅ አለበት፤
«ስምንት ቤቱን በአንድ ዘጋኸው» አለው አባቴ፣
«ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለት አለው፣ አንተ ሰው!»

ማታ፣ ሁሉም ተቆጥቶ ሲበተን፣
መመሪያውን በባትሪ አገላበጥሁ።
አዲሱ አልተሳሳተም፤ ልማዱ ሌላ ነው።
ይሄኛው ጆንያ አይዘረግፍም።
ስጠይቀው እህሉን አይሰጠኝም፤ ጣቱን ነው የሚሰጠኝ፣
ወደ ጎተራው የሚጠቁም ጣት፤
«ያውልሽ አፉ፣ ያውልሽ ቁናው፤
እየሰፈርሽ ውሰጂ፣
ሲያልቅ እነግርሻለሁ፣
ስትወጪ ዝጊው።»
ከርሰር ይሉታል።
እኔ ግን ያቀረብሁለት አንዲት ጣሳ ነበረች፤
ሁለት መቶ ስድስት ሰው እንዲገባባት!
እሷም የቻለችውን ያዘች።

እንደገና ጻፍሁ፤
ክፈት። ስፈር። ካለ ድገም። ከሌለ ዝጋ።
ስሙ ቁና በቁና ይወጣ ጀመር፣
ሌሊቱ እስኪነጋ።
አበጀ። አንማው። ጥሩሰው። ይታይሽ።
በስድስት ዓመቴ ገና ስም አነበብሁ፤
በጎርፍ ሲያልፍ ያላየሁትን
በጠብታ አየሁት።
ሰማንያ ሦስተኛው፣ ቢያድግልኝ፤
ሰባት ኩንታል፤ ድርሻውን በየዓመቱ የወሰደ።

ቢያድግልኝ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈው።
ቀብሩ ላይ ነበርሁ። ልየውም ነበር፣
አፈሩ ጭቃ ሆኖ አካፋው ላይ ሲጣበቅ።
ታዲያ ማን ሲፈርምለት ኖረ?

ረቡዕ ጧት ሁሉም በየተራው ተጠራ።
አንማው ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ
ብሩን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ፤ «አለን ለካ!»
ሰማንያ ሦስት ላይ ስደርስ
ድምፄን ከፍ አደረግሁ።
«ቢያድግልኝ።»
ሰልፉ ጸጥ አለ።
ከጫፍ አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካክላ
ሰው እየገፋች መጣች፤ ስመኝ፣ ሚስቱ።
«ስሙ አለ እንዴ?» አለች፣
«ተሰርዟል ነበር ያሉኝ።»

ልየው ጉሮሮውን ጠረገ፤
ወረቀት ፈለገ፣ የያዘውን ወረቀት።
«ቀጣይ በይ» አለኝ በሹክሹክታ።

ዝም አልሁት።