ጸጥ ባለ ቀን

በትሪየስቴ ወደብ፣ ቦራ ሲነሣ ነፋስ፣
ገመድ ይዘረጋል ከጥግ እስከ ጥግ ድረስ፤
አላፊው ጨብጦ ይሻገራል ቀስ በቀስ።
ኦርኔላን ግን ነፋስ የሚያንገላታት፣
ባሕሩ ሲተኛ ነው፣ ደጁ ጸጥ ሲልላት።

ፊቷን ልሣል አለች፤ ግን ቀለም አልበቃትም፤
ቀለም ይደርቃል እንጂ አይንቀጠቀጥም።

ለግንባሯ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ለጠፈች፤
ቅንድቧን በከሰል ከፍ አርጋ አጠቆረች፤
ጉንጯ ላይ የአውቶቡስ ትኬት፣ ያልተሳፈረችበት፤
አፏን በቀይ ክር ሰፋች፣
ፈታች፣
ደግማ ሰፋች።

ለዓይኗ ሁለት ቁልፍ ነበራት፣
ከአባቷ ካፖርት የተነቀለ።
አንዱን ሰፋች። ሌላው ከጣቷ አምልጦ
አልጋ ሥር ገባ፤ ጎንበስ ብላ አልፈለገችውም።
ባዶውን ቦታ እንዲሁ ተወችው፤
እሱም ያያል።

ኋላ ሰም አቅልጣ አፈሰሰችበት።
ወርቅ አትፈልጉበት፤
ሰም ብቻ ነው፣ የነካውን ሁሉ
አሻራ የሚይዝ።

ጎረቤቷ ዱሻን፣ መርከብ ሲበይድ ያረጀው፣
መጥቶ ቆመና አየ።
«ደህና ነሽ ወይ?» አላለም።
ከአፏ የተረፈውን፣ ወለል ድረስ የወረደውን
ቀይ ክር ጫፉን ያዘ፣
በነፋስ ቀን ገመድ እንደሚያዝ አድርጎ፣
በሁለት እጁ።