ስድስት በመቶ

ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ሲተንን፣
ኢዳሊና መቀሷን፣ ቆርቆሮዋንና ብዕሯን
ይዛ ትወጣለች፤ የቫሌ ፌቶ ውሻ እንኳ አይጮህባት፤
«ቅጠል መዛኟ መጣች!» ይላሉ፣ ስሟን ረስተውባት።

ከጥዱ መርፌ፣ ከቁጥቋጦው ጫፍ፣
ቅርፊቱን ከጣለው ከባሕር ዛፍ፣
በቁንጥር በቁንጥር ለቅማ ክዳኑን ታሽጋለች፣
ትንፋሹ እንዳያመልጥ ቁልቁል ትሮጣለች።

ባሕር ዛፍ! ፖርቱጋልም በባሕር ነው የገባው፣
ለወረቀት ተብሎ ዳገቱን የሞላው፤
እንግዳ ነው ሲሉት ባለርስቱን አስለቀቀ፣
የቡሽ ዛፉን ገፍቶ ምንጩን አደረቀ።

ሰማንያ ሁለት ግራም ገባ ምድጃው ውስጥ፤
ምድጃው ሌሊቱን በመቶ አምስት ዲግሪ ሲያምጥ
አደረ። በማግስቱ ሃምሳ አንድ። ቅጠሉ ያው ቅጠል፤
እንደ አሮጌ ደብዳቤ ግን ጣት ሲነካው ይሰበራል።
የጎደለው ሠላሳ አንድ ውሃ ነበር፤
በእሳትና በመንደሩ መሃል የቆመ አጥር።

ሦስት መዝገብ አላት። አንዱ የሣሩ ነው፤ ጠዋት ይራራል፣
ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲመክረው ይከዳል።
አንዱ የብስባሹ፤ የሳምንቱን ያስታውሳል።
ሦስተኛው የጥልቁ አፈር፤ እሱ ቂመኛ ነው፤
በየካቲት የቀረበትን ዝናብ
በነሐሴ ነው የሚጠይቀው።

(ነሐሴ ስል ጭቃና ጎርፍ አይምጣብህ፣ አንባቢ፤
እዚያ ሰማዩ ባዶ ገንቦ፣ ፀሐይዋ ዕዳ ሰብሳቢ።)

ስምንት ሰዓት ላይ ግራሲንዳ ከእሳት ማማው ትደውላለች፤
«ስንት ገባን?» ትላለች።
«ከትናንቱ ሁለት ወረደ።»
ከዚህ በላይ አያወሩም። ሚዛን ባልነበረበት ዓመት
የግራሲንዳ ወንድም መኪናው ውስጥ ነደደ።

የቅዱሱ በዓል ሊውል ሦስት ቀን ሲቀረው
ቁጥሩ ወጣ፤ የሞተው ሣር እርጥበት ስድስት በመቶ ነው፤
የአየሩ አሥራ አራት፣ ሙቀቱ አርባ አንድ፣
ነፋሱም ከምሥራቅ፣ ከስፔን በኩል፣ በደረቅ መንገድ።

ከንቲባው ጠሯት። «ርችቱስ?» «አይተኮስም።»
«ለአንድ ምሽት?» «ለአንድ ደቂቃም።»
ከዚያ በመስኮት የተከመረውን እህል አሳየቻቸው፤
«ዛሬ ነዶ ያላችሁት ነገ ነዶ ያልቃል» አለቻቸው።

ኤርሜሊንዶ ርችት ሠሪው፣ ክረምቱን ሙሉ የቀመመው፣
ሰባ ሁለት ርችት አጋድሞ መጋዘኑን ቆለፈው።
ቅዱሱም በጸጥታ ዞረ፤ ከበሮ ብቻ፣ የሴቶች ዜማ፤
ግራሲንዳ ከማማው ስትጠብቅ አደረች፤
አንዲት ጭስ አልታየችም፣ አንዲት ደወል አልተሰማ።

ምንም አልነደደም።
ይኸው ነው ታሪኩ፤ ቅር ካለህ ይቅርታ፤
ያልነደደ ጫካ ሐውልት የለውም፣ የለውም እልልታ።
«በከንቱ አስፈራራችን» አሉ በመሸታ ቤት፣
«ደግሞ ለቅጠል ሚዛን! ደግሞ ለጭድ ስሌት!»
እሷ ደረሰኝ እንኳ የላትም የምታሳያቸው፤
ሊመጣ የነበረውን ሌሊት ማን መዝኖ ይስጣቸው?

ጥቅምት ላይ ዘነበ። ጣሪያው ሲንጠባጠብ
በሩ ተንኳኳ፤ ኤርሜሊንዶ ነው፣ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ሰበብ፤
በብብቱ አንድ ርችት። «ዛሬስ ቁጥሩ ስንት ነው?»
«ዛሬ ቁጥር የለም» አለችው፤ «ዛሬ ጭቃ ነው።»

ግቢው ውስጥ ተከለው። ክብሪት ጫረ። ጫረ ደግሞ።
ርችቱ አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ፣ እንደ ሰው ታሞ።
መጀመሪያ እሱ ሳቀ፤ ቆይታ ደግሞ እሷ።
ከዚያ እጇ ሳይነግራት፣ እንደ ማክሰኞ ልማዷ፣
ርችቱን አንሥታ ሚዛኑ ላይ አጋደመችው።

መርፌው ተርገፈገፈ።
ሁለቱም ሊያዩት ጎንበስ አሉ።