ለዓይኔ ነው ብዬ

ለዓይኔ ነው ብዬሽ ወጣሁ ቦሩ ሜዳ፣
ኮምቦልቻ ሰርግ አለ ብለሽኝ፣ አንቺም በማለዳ።
ትርንጎ፣ ጉድ እኮ ነን!
አንድ አጥር ተደግፈን፣
አስራ ስድስት ዓመት ጨው ተበዳድረን፣
ይቺን አንዷን ነገር ተደባብቀን ኖርን።

የኔ የጀመረው ሰይድን ወልጄ ነው፤
ሁለት ቀን አምጬ፣ ሌሊት ተገላግዬ፣
በአስራ አንደኛው ቀን ጀሪካን አዝዬ
ከምንጩ ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ ቆሜ፣
አንድ ነገር ወረደ፣ ሞቅ ያለ እንደ ደሜ።
ደም ግን አልነበረም። ከቁጥቋጦ ዞሬ ዳሰስኩት፤
እንቁላል የሚያህል ሥጋ። የራሴ ነው። መለስኩት።
ተመለሰ።
በማግስቱ ወጣ።
ከዚያ ወዲያ ክረምት ሲገባ፣ ክረምት ሲወጣ፣
እኔ ሳስገባ፣ እሱ ሲወጣ።

ያሮጌ ሻሽ ቅዳጅ አጣጥፌ ወተፍኩ፤
ለቅሶ ቤት ከበሩ ሥር፣ ነፋስ ካለበት ተቀመጥኩ።
ይመር "ምን ሆነሻል?" አለኝ አንድ ምሽት፤
"ወገቤን" አልኩት።
አስራ አራት ዓመት ሙሉ ወገቤን።
ጎንበስ ስል ሽንቴ እየቀደመኝ፣ ውዱዬ እየፈረሰ፣
መስገጃዬ ታጥፎ ከሳጥን ግርጌ ደረሰ።
አላህማ ያውቃል፤ የፈራሁት ሰውን ነው።
አንቺም ሚካኤልን ከቅጥሩ ውጪ ተሳልመሽ ስትመለሽ፣
ትሕትና መስሎኝ፣ አይ ትርንጎ፣ ጨዋ ነሽ፣
እል ነበር በሆዴ።

የጤና ጣቢያዋ ልጅ ቀለበት ሰጠችኝ፣
ከጎማ የተሠራ፤ "ይደግፍሻል" አለችኝ።
ለኒካዬ ያላየሁት ቀለበት! ሳቄ መጣ።
ምስር ነቀላ ላይ ቁጢጥ ስል ግን ወጣ፤
ከእንክርዳዱ መሃል ለቅሜ አነሳሁት።

ከካርድ ክፍሉ ማዶ፣ ከእንጨት ወንበር ላይ፣
"ትርንጎ አሊጋዝ!" ሲሉ፣ ዞር ብዬ ሳይ፣
አንቺ! የሰርግ ሻሽሽን አሥረሽ።
"ዓይንሽ እንዴት ሆነ?" አልሽኝ።
"ሙሽራይቱስ?" አልኩሽ።
ሳቅን። ስንስቅ ደግሞ፣ መቼስ ታውቂዋለሽ፣
እኔም ጨርቄን ያዝኩኝ፣ አንቺም ጨርቅሽን ያዝሽ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። "እስኪ ሳል ያድርጉ" አለኝ፤
ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ ሳልኩለት።
"ስንት ጊዜዎ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤
እስክሪብቶው ቆመ።

ጀርባዬን ወጉኝ፤ እግሮቼ ጥለውኝ ሄዱ።
ከመጋረጃው ወዲያ መቀስና ሳህን ተንሾካሾኩ።
የላላውን ሰብስበው፣ እንደ ስልቻ አፍ ሰፍተው፣
የቀረውን ከጅማት አስረው ወደ ላይ ሰቅለው፣
ማህፀኔን ወሰዱት። ስድስት ልጅ ያደረበት።
አለቀስኩ ትንሽ። ባለውለታዬም ነበር፣ ጠላቴም።

ሌሊት ጎን ለጎን ተኛን፤ የሽንት ከረጢታችን
እንደ ሁለት ቅል ተንጠልጥሎ ከአልጋችን።
ያንቺ ከእኔ ይብስ ነበር፤ የበኩርሽን፣
ያንን ክርስትና ሳይነሳ የቀበርሽውን፣
ስትወልጂ ነው አልሽኝ። እናትሽም እንዲሁ ኖራ፣
"የሴት ዕዳ ነው" ብላ፣ ዕዳውን ከነምስጢሩ
አውርሳሽ ገባች ካፈሩ።
"አብሽሪ" አልኩሽ። "አብሽሪ" አልሽኝ።
ወዲያው አንኮራፋሽ።

"ሦስት ወር ከባድ እንዳታነሱ" አሉን ስንወጣ።
"ውሃውስ?" አልሻቸው አንቺ። ነርሷ ወረቀቱን አየች፤
ወረቀቱ ላይ የለም።

ዛሬ ሰይድ አዘለው፤ ጎረምሳ፣ ቢጫ ጀሪካን፤
ዳገቱን ሲወጣ የምንጩ ሴቶች ሳቁበት።
ይሳቁ።
ስንቷ እየሳቀች ጨርቋን እንደያዘች እኔ አውቃለሁ።
አንዷ ግን አልሳቀችም፤ ባለ ጥቁር ሻሽዋ፣
ከድንጋዩ ጥግ ቆማ።
"ምን ሆነሻል?" ብላት፣
"ወገቤን" አለችኝ።

ትርንጎ፣ ነጠላሽን ያዢና ነይ ውጪ።
እንሂድ፤ እሷ ጋ እንቀመጥ።