ገጽ ሰማንያ ሰባት

ባሕር ዳር፣ ከዓሣ ማኅበሩ ጀርባ፣ ወዳለችው ጠባብ ቤቴ
ጋሽ አንዳርጌ መጽሐፋቸውን በፍላሽ ይዘው መጡ።
ማውጫው አንድ በአንድ የተተየበ ነጥብ፣ እንደ መረብ ክር ተዘርግቶ፤
ገጽ በጨመሩ ቁጥር ሁሉም ይሄዳል ተንሸራቶ።

ነጥቡን ጠርጌ ጣልሁት።
አምባዛን «ርዕስ አንድ» አልሁት፤
እንቁላል የሚጥልበትን ወር፣ ከሥሩ፣ «ርዕስ ሁለት»።
«አድስ» ስለው ማሽኑ ራሱ ቆጥሮ ደረደረ፤
መሐል ላይ ግን ያልጠራሁት አንድ መስመር ነበረ፦

«ወንድሜ ጫኔ፣ ታንኳህ ከደቅ አልተመለሰችም»
ሰማንያ ሰባት።

በስህተት ነክቼው ነው። «ላጥፋው?» አልሁ። መነጽራቸውን አወለቁ፤
ደጅ የሞተር ጀልባ ጮኸ፤ እስኪያልፍ ጠበቁ።
«ሠላሳ ዓመት ስንፈልገው፣ ይኸው ገጹ ተገኘ፤
ተይው።»