አርባ አንድ ደቂቃ

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ዛሬም ጉድጓድ ነው፣
ከመስኮቴ ማዶ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ብሎኬት ነው።
ግድግዳውን ብርድ ልብስ አልብሼ፣ የእንቁላል ካርቶን ለጥፌ
ሦስት ሌሊት ሙሉ ከረምኩ አንዲት ከበሮ ታቅፌ።

ዱም ትላለች፤ ቀነስኩላት።
ዱም ትላለች፤ ጨመርኩላት።
ከላይ ሸርፌ፣ ከታች ሞልቼ፣ ደግሞ መልሼ ሸረፍኩላት።
ብቻዋን ስትሰማ ንግሥት ናት፤
ከሌሎቹ ጋር ስቀላቅላት
ሳይጠሯት ድግስ የገባች፣ ወንበር የምትጎትት ሴት ናት።

አርባ ስምንት ትራክ ተደርድሯል፣ ስም የለው፣ መልክ የለው፤
«አዲስ»፣ «አዲስ ሁለት»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የምር» ነው የሚለው።
ክራሩን ስፈልግ ጭብጨባ፣ ጭብጨባ ስፈልግ ዋሽንት፣
አንዱን ሳገኝ አንዱ ጠፍቶ፣ ሌቱ ያልቃል በልፋት።
እልፍነሽ ትደውላለች፦ «ለዓርብ ይደርሳል አይደል ወንድሜ?»
«እየደረሰ ነው» እላለሁ፣ ዓይኔን እያሸሁ፣ ደክሜ።

ከሥሬ የሚኖሩት ጋሽ ደበሌ፣ ልስን ሠሪው፣ በሬን አንኳኩ፤
ሊቆጡኝ ነው ብዬ፣ ይቅርታ አፌ ላይ አዘጋጅቼ ከፈትኩ።
«ልጄ፣ ይቺ ዱም የምትለው ሦስት ቀኗ፤ አሟታል እንዴ?»
ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አርገው አዩት አንዴ።
«እኛ ስንለስን አንዱን ጥግ መስታወት አናስመስልም
ሌላው ጡብ ሆኖ ሳለ። እንዲያ ያለ ቤት አያልቅም።
ሸካራውን ዳር እስከ ዳር ታለብሳለህ፣ ራቅ ብለህ ታያለህ፤
ጎባጣው ራሱ ይጠራሃል፤ ያኔ ካዞላህን ታነሣለህ።»

እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት አያስከፍልም።
በሩን ዘግቼ ወደ ከበሮዬ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ መብራት ሄደ።
ሰፈሩ ባንድ አፍ «ኤጭ!» አለ፤ የፍሪጁ ጉርምርምታ በረደ።
ላፕቶፔ ጥግ ላይ ባትሪው ጻፈ፦ አርባ አንድ ደቂቃ።
አርባ አንድ ደቂቃ ለአርባ ስምንት ትራክ፤ ሒሳቡ አልሞላም በቃ።

ሁሉንም ዜሮ አወረድኳቸው።
አምስት ደቂቃ ለስም ሰጠሁ፣ በየቤታቸው ሰበሰብኳቸው፦
የሚመታው አንድ ቤት፣ የሚገረፈው ገመድ አንድ ቤት፣
እልፍነሽ ብቻዋን ሳሎን።
ስፒከር የለ፤ ከመንገድ በገዛሁት፣ አንድ ጆሮው በሚያንኮራፋ ማዳመጫ
መጀመሪያ ድምጿን ከፈትኩ፣ ዝግ አድርጌ፣ ከእስትንፋሴ በታች፤
ሌላው አንድ በአንድ ተከተለ፣ እሷን ሳይረግጥ የሚያልፍ ብቻ።

ሦስተኛው ጊታር የአክስቴ ልጅ የአምደብርሃን ነው፤ አፈንኩት።
ዘፈኑ ተነፈሰ።
ፋሲካ ስንገናኝ የምለውን እንጃ፤ ለጊዜው ተውኩት።
ሁለተኛው ስንኝ ሥር ውሻ ይጮኻል፣ ስንቀዳ የገባ፤
ሌላ ጊዜ ቢሆን ሌሊት ሙሉ በጥፍሬ ለቅሜ ባወጣሁት ነበር።
አሁን ያለኝ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ይጩኽ፤ የሰፈር ውሻ ነው።

ከበሮዋንስ? ባንድ ጣት ገፋ አደረግኳት፣ የምትቀመጥበት ተቀመጠች።
ሁለት በመቶ ሲቀር አስቀመጥኩ። ስክሪኑ ጠፋ።
ከገላን በኩል የምር ውሻ ጮኸ፤ መልስ ይመስላል።

ንጋት ላይ መብራት መጣ። እጄ ያለ ፈቃዴ ወደ ከበሮዋ ሲሄድ
ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት።
ከዚያ ስልኬን ይዤ ታክሲ ገባሁ፤ ሾፌሩን ለመንኩት፣ ሰካልኝ።
ጠጠሩ ይንኳኳል፣ ሞተሩ ያስላል፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ
«ቃሊቲ! ቃሊቲ! አንድ ሰው የቀረው!»
በዚህ ሁሉ መሐል እልፍነሽ፣ እያንዳንዱ ቃሏ።
ረዳቱ በሩን በመዳፉ መታ፦ ዱም።
ልክ ቦታዋ ላይ፣ ሦስት ሌሊት የለፋሁባት ላይ፤
እሷን ማንም አልሰማም።

ዓርብ አምደብርሃን ደወለ፦
«ሰማሁት እኮ! ጊታሬ እንዴት አምሮ ወጥቷል!»
«አዎ» አልኩት፤ «ብዙም አልነካካሁትም።»