አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ

ዓርብ ነው፣ ድሞና፤ ሰንበት ሊገባ ነው፣
ጎረቤት ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰው፤
እኔ ግን ኮፈኑን ከፍቼ ቆሜአለሁ፣
ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር እነካካለሁ።
ቴስተሯ ርካሽ ናት፣ የሠላሳ ሼቄል፣
ግን ሐሜት አታውቅም፣ አታውቅም ማባበል፦
አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣
ካለፈው ዓርብ ሥር በእርሳስ አሰመርኩት።

"የልጅህን ትኩሳት ለክተህ ጨረስክ ወይ?"
ትላለች እልፍነሽ ከመስኮት። "እኔንስ፣
ስንት ቀረሽ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ ወይ?"
ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም።

ፕሮስፔር ነው ያስተማረኝ፣ ጣቱ ሁሉ ግራሶ፣
ከአባቱ ጋራዥ የወረሰውን ወግ ከሥራው ለውሶ፦
"ባትሪ በሩጫ አይታይም፤ ሞተር አንዴ ከተነሣ
ሁሉም ጎበዝ ነው፣ ሁሉም ያገሣል እንደ አንበሳ።
ባትሪን በዕረፍቱ፣ ዲናሞን በሥራው እየው፤
መንገድ ላይ የሚጥልህ አንዱ ሌላውን ሲሸፍነው።"

ለዕረፍትማ ማን እንደኛ! ሃያ አምስት ሰዓት ሙሉ
ቁልፍ አይነካ፣ በር አይከፈት፤ መኪኖች ሁሉ
በየግንቡ ጥላ እንደ ግመል ተንበርክከው ይውላሉ።
ቅዳሜ ማታ፣ ሦስት ኮከብ እንደታየ፣
ሞተር ሳላስነሣ ለካሁ፤ ዓይኔም አየ፦

አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ።

ለማያውቅ ሰው ምን አላት፣ አምስት ነጥብ ብቻ ነች፤
ለሚያውቅ ግን ግማሽ እንስራ ሰንበቱን ፈሳለች።
ባትሪውን ረገምኩት። እርጅና ነው አልኩ፣ ሙቀት፤
በዚህ በረሃ ነሐሴ ይገድለዋል፣
ጥር ይቀብረዋል።
አዲስ ገዛሁ፤ ስድስት መቶ ሼቄል ከኪሴ ወጣ፣
በሳምንቱ ቅዳሜ ያው ቁጥር ተመልሶ መጣ።

ያን ጊዜ ፈራሁ።
እሑድ ከሌሊቱ ዐሥር ተኩል ላይ
አቶ ቢያድግልኝ ደጃፉ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤
ኩላሊቱ ከከዳው አራት ዓመቱ፣
ክንዱ ላይ ሐኪም የገጠመለት የደም ሥር
ጆሮ ሲያስጠጉት ቆሞ እንደሚሠራ ሞተር
ያንጎራጉራል።
ቤርሳቤህ ድረስ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር፣
"ከግመል ተጠንቀቅ" ከሚል ሰሌዳ በቀር
በዚያ ጨለማ የሚያነጋግር የለም።
እዚያ መሐል ብቆም ደሙን ማን ያጥብለታል?

ፕሮስፔር በዚያው ሌሊት መጣ፣ ፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ።
ምንም ሳያስነሣ ዲናሞውን ዳሰሰ፤
ሰንበቱን ሙሉ የቆመ ብረት ሞቅ ብሎ አገኘው፣
አንገቱን ነቅንቆ በረዥሙ ተነፈሰ።
"አስነሣው" አለኝ። አስነሣሁት።
"መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሁሉን ክፈት።" ከፈትኩት።
አሥራ አራት ማለት ሲገባት ቴስተሯ
አሥራ ሦስት ላይ ተንቀጠቀጠ ቁጥሯ።
"አንተ ባትሪውን ከሰስክ። አጠጪው ነው ጠጪው፤
ቀን በማንኪያ አጉራሽ፣ ሌሊት በጭልፋ ቀጂው።"

ከቆመ አሮጌ መኪና ሌላ ዲናሞ ፈትቶ
ገጠመልኝ፣ ባትሪዋን በእጁ ያዝኩለት፣
አይደለም፣ የእጅ ባትሪዋን፤ ሁለቱም ስማቸው አንድ ነው።
አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።

እሑድ በሰዓቱ ደረስን።
አቶ ቢያድግልኝ መንገዱን ሁሉ አንቀላፋ፤
አልነገርኩትም። ያልቆመ መኪና ታሪክ የለው፣
ያልደረሰ አደጋ ነጋሪ የለው።
ስመለስ ግን ያ የፕሮስፔር ቃል
ከኋላ ወንበር እንደ ተሳፋሪ ተቀምጦ
አጠጪው ነው ጠጪው፣ ይለኛል፣
አጠጪው ነው።

ቤት ስገባ እልፍነሽ ከአረጋውያን ቤት፣
ከሌሊት ሥራዋ ተመልሳ፣
አንድ ጫማዋን አውልቃ ሁለተኛውን ሳትደርስበት
ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች።
ደብተሬን መሬት አስቀምጬ አጠገቧ ተንበረከክሁ፣
"ስንት ቀረሽ?" አልኳት።
ዓይኗን ሳትገልጥ ብዙ ቆየች።
"መጀመሪያ" አለች፣ "ግራሶህን ታጠብ።"