የፒ ሮኩንጊ እፍኝ

ጉም ከእግራችን በታች ተኝቶ በሚያድር፣
ቀርከሃ በሞላው በሚዞራም ምድር፣
ሉንግታር በምትባል የጋራ ጫፍ መንደር
አንዲት ባልቴት ነበረች፤
ከጸሎት ቤታችን፣ ከኋላው ወንበር የማትርቅ፣
መድረክ ወጥታ የማታውቅ፣
ጥቅስ ስትጠቅስ ጳውሎስን ከዳዊት የምታደባልቅ።
ሮኩንጊ ነው ስሟ፤ እኛ ግን «ፒ» እንላለን፣
እሜቴ እንደ ማለት፤ በባዶ ስሟ መጥራት እንፈራለን።

ማለዳና ማታ፣ ድስት ሳትጥድ ገና፣
ከምትበላው ሩዝ ላይ አንድ እፍኝ ትዘግንና
በበሩ ጥግ ካለው አሮጌ ቆርቆሮ
ትጨምረዋለች። ይኸው ነው የሷ ኑሮ።
ቅዳሜ ሲመሽ ሴቶች ከረጢት አንግበው
ከየቤቱ እፍኙን ያጠራቅማሉ ዞረው።
ያ ሩዝ ተሸጦ ነው ጣራችን የተመታው፣
ምስማር የተገዛው፣ መስኮት የተሠራው።

ቀርከሃው ግን አበበ።
በሃምሳ ዓመት አንዴ ነው፤ ሲያብብ ያምራል፤
አይጡ ፍሬውን ጨርሶ ወደ ሰው ማሳ ይዞራል።
እንደ ጎርፍ ወርዶ አዝመራውን በላው፣
ጎተራው ተራቆተ፣ ሰው ሥር ሊምስ ጫካ ወጣ፤
የቀናው ቅጠል ይዞ፣ ያልቀናው ባዶውን መጣ።
ልጅ ነበርኩ። ከደጇ ቆሜ አየኋት ባይኔ፤
ሦስት እፍኝ ቀርቷታል፤ ቆጥሬዋለሁ እኔ።
አንዱን ወደ ቆርቆሮው።
«ፒ፣ ምነው? ላንቺ ሳይበቃ?» ብላት
ሣቀች። ጥርስ እንኳ አልነበራት።
«ዘንድሮ ጣራ አንሠራም፤ ይሄ ለእነ ሳንጊ ነው፣
አራት ልጅ ይዛ ቀርታለች፤
የኔ ሆድ እንደሆን አርጅቷል፣ እንደ ድሮው አይጮህም» አለች።
ከእሷ የሰማሁት ስብከት ይኸው ነው።

ፑ ዛሊያና ደግሞ ሌላ ሰው።
ሽማግሌያችን፣ ከበሮ መቺያችን፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ፣
ለእግዜር ቤት ሲቀና ቁጣው የማይበርድ።
እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እግሬ መንገድ የሳተ፣
አንድ እሑድ አርፍጄ ገባሁ፣ መጠጥ ካፌ እየሸተተ።
ከበሮው ቆመ። ጣቱ ወደኔ ተዘረጋ።
በአባቴ ስም ጠርቶ፣ ባደባባይ፣ በዚያ ሁሉ መንጋ
ሰደበኝ። «ውጣ!» አለኝ። ወጣሁ።
ስድስት ወር በዚያ ደጅ አላለፍኩም፤ ደወሉን ስሰማ ቁልቁል ወረድኩ።

ፒ ሮኩንጊ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አላውቅም።
ብቻ አንድ ማታ፣ በዝናብ፣ ጃንጥላ ይዛ
ወደ ቤቱ ስትገባ አየኋት፣ በዘንጓ ተመርኩዛ።
ሻይ ጠጥታ ወጣች። ለማንም አልተነፈሰች።

በሳምንቱ እናቴ ለምና ወሰደችኝ፤
ከበሩ ሥር ቆምኩ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ለመሸሽ እንዲያመቸኝ።
ፑ ዛሊያና ተነሣ። ሰባ ስምንት ዓመት ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣል።
«ራምዲና» አለኝ፣ በራሴ ስም፣ ሕዝቡ ሁሉ ይሰማል፤
«ያን ለት ባዶ የጮኸው ከበሮው አልነበረም።
እኔ ነበርኩ። ይቅር በለኝ።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።
ዱላውን በእጄ አኖረው፤ እጀታው በላብ ጠቁሯል፣
በአርባ ዓመት የእጁ ቅርፅ እንጨቱ ላይ ተቀርጿል።
ሄዶም ከኋላ ወንበር፣ ከባልቴቷ ጎን ተቀመጠ።
መታሁ፤ ሳትኩ። አንዱ ሣቀ፣ ፊቴ ተለዋወጠ።
ቀና ስል ግን አየሁት፦
በጣቱ ጉልበቱን እየመታ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣
ምቱን ይዞልኝ ነበር፣ እኔ እስክደርስ ታግሦ።

ሁለቱም ከቁልቁለቱ፣ ከድንጋዩ ሥር ናቸው ዛሬ።
ስብከት ብዙ ሰማሁ፤ አንዱም ትዝ አይለኝ፤ ሸበተ ጠጉሬ።
ትናንት ሩዝ ስሰፍር፣ የልጄ ልጅ ከበሩ ቆማ
ታየኛለች፤ አፏን አልከፈተችም።
ቸኩዬ ነበር። እጄ ቆርቆሮውን አልፎ ሄዶ ነበር።
መለስኩት።